ክቡር ቢሆንስ እና የጓሮው መተላለፊያ

በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም፤ ከመቀመጡ በፊት የወንበሩን እግር የሚነቀንቅ፣ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ዣንጥላ ይዞ የሚወጣ፣ ሊፍት ውስጥ ገብቶ ገመዱ መቼ እንደተቀየረ የሚጠይቅ። ይሄ ሰው ባይኖር ሥራችን ሁሉ በፈጠነ ነበር እያልን እናማዋለን። ስንቶቻችን በተሰበርን ነበር የሚለውን ግን ማንም አያነሳም።

ለአንድ የጭነት ፒክአፕ ሾፌር የደረሱት ደግሞ ክቡር ቢሆንስ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የነጋዴ ሚዛን ሲመረምሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ ግድ የለም፣ እንዲህ ያለ ነገር አይሆንም ሲሏቸው መልሳቸው ሁልጊዜ "ቢሆንስ?" ነውና።

ሰኞ ጠዋት ሾፌሩን ጠጠር አምጣልኝ አሉት። ጓሯቸው ውስጥ በሳንቃ የታጠሩ፣ ወገብ ድረስ ከፍ ያሉ ስድስት የአትክልት መደቦች አሉ። በመደቦቹ መካከል ያለው መተላለፊያ ግን ባዶ አፈር ነው፤ ዝናብ ሲነካው ጭቃ ይሆናል። ባለቤታቸው ደግሞ ዳሌያቸው ተሰብሮ ሐኪም ቤት ከተኙ ሁለት ወር ሊሞላቸው ነው። ሐሙስ ይወጣሉ። ክቡርነታቸው እስከዚያ መተላለፊያው ምን እንደሚለብስ መወሰን አለባቸው።

ጠጠሩ እንደተዘረገፈ የባለቤታቸውን ነጠላ ጫማ አጠለቁ፤ ተረከዛቸው ከኋላ ተርፎ ቀረ። ምርኩዝ ይዘው አንድ እግራቸውን እየጎተቱ ተራመዱበት። ምርኩዙ ሰመጠ። "መልሰው" አሉ።

ማክሰኞ ከአናጢ ቤት ሰጋቱራ መጣ። ለእግር ይመቻል፤ ሾፌሩም በልቡ ተገላገልኩ ብሎ ነበር። ክቡርነታቸው አንድ ባልዲ ውሃ ደፉበትና ረገጡት። እንደ ሊጥ ተጣበቀ። ጎረቤታቸው ግንበኛው በአጥሩ ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ በሲሚንቶ ሊሾ ያስደርጉትና ይረፉ አላቸው። ሊሾ ውሃ ሲነካው መስታወት ነው ብለው መለሱለት። ገለባስ ቢላቸው አይጥ ይጠራል አሉ። ግንበኛው ሳቀ። ሰጋቱራውን መልሶ በአካፋ የሚጭነው ሾፌር ግን ሳቅ አልመጣለትም።

ረቡዕ አሮጌ ጡብ ጭኖ ሲመጣ ትዕግሥቱ አልቆ ነበር። ክቡርነታቸው መሬት ላይ ተንበርክከው እያንዳንዱን ጡብ ይዳብሳሉ፤ ሻካራውን ፊት ወደ ላይ ያዞሩታል፤ ተጠራጥረው መልሰው ይገለብጡታል።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ የጓሮ መሄጃ ነው፤ ድልድይ አይደለም" አላቸው።

ሰውዬው ቀና አላሉም። "እዚህ ጋ ነው የወደቀችው" አሉ።

ከዚያ ቀስ ብለው ነገሩት። መደቦቹን ያሠሩት ባለቤታቸው እንዳይጎነበሱ ብለው ነው። ለሳንቃው ውፍረት፣ ለሚስማሩ ርዝመት ሦስት ወር ሙሉ ተጨንቀዋል። መተላለፊያውን ግን አፈር አይደል እንዴ ብለው ተዉት። "በዕድሜዬ ሳልጠይቅ ያለፍኩት ነገር ቢኖር ይሄ ነው" አሉ።

ሾፌሩ ስልኩን አወጣ። የቀጠረው ሌላ ደንበኛ ነበር፤ ደውሎ ለነገ አለውና እጅጌውን ሰብስቦ አሸዋ ማንጠፍ ጀመረ። ፀሐይ ሳትጠልቅ የመጨረሻው ጡብ ገባ። ክቡርነታቸው ውሃ ደፉበት፣ ተራመዱበት፣ ደግመው ደፉበት። አላንሸራተተም። ፊታቸው ግን አልተፈታም።

ሐሙስ ሁለቱንም ከሐኪም ቤት ያመጣቸው ራሱ ሾፌሩ ነው። ሴትየዋ ከመኪናው እንደወረዱ፣ ቤት ከመግባቴ በፊት ቲማቲሞቼን ልይ አሉ። ቢለመኑም የሚሰሙ አይደሉም። ክቡር ቢሆንስ ከፊታቸው ገብተው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ ከባለቤታቸው እግር ዓይናቸውን ሳይነቅሉ የኋሊት ይሄዳሉ። ላባቸው ጠብ ይላል።

መሃል ላይ ሴትየዋ ቀጥ አሉ። የባልየው ፊት አመድ መሰለ።

"ምን ሆንሽ?"

"ምንም። ዞር በልልኝ፤ አትክልቱን ከለልከኝ።"

ዞር አሉ። ሴትየዋ በምርኩዛቸው ጡቡን ጠቅ ጠቅ እያደረጉ ብቻቸውን ቀጠሉ። ሾፌሩ የመኪናውን በር እንኳ ሳይዘጋ ከኋላ ከኋላቸው እንደሚሄድ ያወቀው የገዛ እጆቹን ለመደገፍ ተዘርግተው ሲያያቸው ነው።