እናቷን ሳታስተዋውቅ ስሟን የማትናገር ሴት

በየሕንጻው አንድ አይጠፋም፤ ስሙን ስትጠይቀው ዘሩን የሚቆጥርልህ ሰው። ከዚህ ሰው የሚያመልጠው የሞተ ብቻ ነው፤ እሱም ለቅሶው ላይ ይደረስበታል።

ስዊድን አገር፣ ሻርሆልመን ሰፈር ላለው ሕንጻችን የደረሰችው ክብርት ወይዘሮ ዳፊሻ ኖንግሩም ናት። የምታጠምደው በጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍላችን ነው። «ህንዳዊት ነሽ?» ያላት ሰው ወዮለት።

«ኻሲ ነኝ! አገራችን በህንድ ሰሜን ምሥራቅ፣ ዝናብ የማይጠፋው ተራራ ላይ ነው። እኛ ዘር የምንቆጥረው በእናት ነው። ቤቱን የምትይዘው የመጨረሻዋ ሴት ልጅ ናት፤ እኔ ነኝ!»

ከዚያ ከእናቷ ወደ አያቷ፣ ከአያቷ ወደ ቅድመ አያቷ ትወጣለች። ማሽኑ ይጨርሳል፤ እሷ አትጨርስም። ሊፍት ሊጠግን የመጣ ሰውዬ ብርቱካን ታመርት የነበረችው ቅድመ አያቷ ላይ እስክትደርስ ምሳው አምልጦታል።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ተምሬ መዝገብ ቤት የምሠራ ሰው ነኝ፤ ማስረጃ የሌላት አያት አልቀበልም።

«ይህን በምን አረጋገጥሽ?»

«እናቴ ነገረችኝ።»

ለእሷ ነገሩ እዚያ ላይ አልቋል።

በሚያዝያ እናቴ ያለምወርቅ ዐረፈች። ዳፊሻ ለቅሶ ደረሰች። በሰው መሐል አልፋ አጠገቤ ተቀመጠችና በስዊድንኛ፣ «አሁን የእናትሽን ቤት ማን ይይዛል?» አለችኝ።

ልጅም እህትም የለኝም።

አጎቴ ጋሽ ብርሃነ ሥላሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የኔ እመቤት፣ በእኛ አገር ዘር የሚቆጠረው በአባት ነው።»

«ታዲያ እናቶቻችሁን የት ታደርጓቸዋላችሁ?»

አጎቴ ወደ ቡናቸው ዞሩ። እኔ የራሴን ስም በልቤ ቆጠርኩ። ከስሜ ቀጥሎ የሚጻፈው አባቴ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ አባቱ። እኔ ስሞት ያለምወርቅን በስሟ የሚጠራት አይኖርም። ያን ቀን ዳፊሻን ጠላኋት።

እሷ ግን ሾርባ ይዛ መመላለሷን አልተወችም። አንድ ቀን፣ ላሳምማት ብዬ፣ «ያንቺንስ ቤት ማን ያዘው?» አልኳት።

«ተቆልፏል። ያሉኝ ወንዶች ልጆች ናቸው። በቋንቋችን ሳወራቸው በስዊድንኛ ይመልሱልኛል። ምን ላድርግ? ላገኘሁት ሁሉ እናገራለሁ።»

ባለፈው ሳምንት አዲስ የገባ ጡረተኛ ስዊድናዊ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ እጇ ገባ። የራሷን ስትጨርስ ወደ እኔ አመለከተች።

«ይህቺ ደግሞ የያለምወርቅ ልጅ ናት። ያለምወርቅ ከደቡብ ኢትዮጵያ፣ ከደሴ...»

«ሰሜን!» አልኩ፤ አላስችል ብሎኝ። «ደሴ ሰሜን ናት። የያለምወርቅ እናት ደግሞ ልደታ ትባላለች።»

«የልደታስ እናት?» አለ ሰውዬው፣ ምስኪን፣ ለጨዋነት ብሎ።

አላውቅም። የምታውቀው እናቴ ነበረች። አንሶላዬን ከማሽኑ ማውጣት ጀመርኩ።

«የልደታ እናት» አለች ዳፊሻ ረጋ ብላ፣ «ዝናብ የማትፈራ ሴት ነበረች። ተራራው ላይ ብርቱካን ታመርት ነበር።»

የራሷን ቅድመ አያት ነው የሰጠችኝ፤ ከነብርቱካኗ። ሐሰት ነው፤ መታረም ነበረበት። አንሶላዬን እያጠፍኩ እስከ መጨረሻው አዳመጥኩ።