ቀዩንና አረንጓዴውን ያስታረቀ ጉባኤ

ሰው ከሰው ሲታረቅ በየሰፈሩ ታይቷል። ዘይትን ከዘይት ያስታረቀ ሕዝብ ግን፣ እስከምናውቀው ድረስ፣ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከፍ ብሎ ካለው መንደር በቀር የለም። ይህን የመሰለ ክንውን ተገቢው ትኩረት ሳይሰጠው እንዳይቀር እነሆ እንተርከዋለን።

ነገሩ የተጀመረው በሙስዓብ ሠርግ ዋዜማ ነው። ሙስዓብ ፒያሳ መነፅር ቤት የሚሠራ ዝምተኛ ወጣት ሲሆን፣ በማግስቱ ሙሽራዋን ኢክራን ከእሪ በከንቱ ሰፈር ሊያመጣ ቀጠሮ ይዟል። የሚያመጣትም በአባቱ በጋሽ ረሻድ አሮጌ ኮሮላ ነው። ጋሽ ረሻድ «የልጄ ሚስት በኪራይ መኪና አትገባም» ብለው ምለዋል። መኪናዋ ግን አልማለችም። ሰሞኑን መሪዋ ደርቆ፣ ወደ ግራ ስትዞር ታቃስታለች፣ ወደ ቀኝ ስትዞር ታለቅሳለች። ኮፈኑ ሲከፈት የመሪው ዘይት ጎድሎ ተገኘ።

ሌላ አገር ቢሆን ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ሙስዓብ የዘይት ማጠራቀሚያውን ክዳን በመነፅር መጥረጊያ ጨርቅ ወልወል አድርጎ አነበበ።

«አባ፣ የሚፈልገው የዘይት ዓይነት እዚሁ ክዳኑ ላይ ተጽፏል። ቀዩ ነው።»

«እኔስ ምን አልኩ? ዕድሜዋን ሙሉ ቀይ ስትጠጣ ነው የኖረችው።»

በዚህ መሀል የግድግዳ ጎረቤታቸው ጋሽ ገብረአብ በስጦታ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው ገቡ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሰፈሩን ጉዳይ ሁሉ በትርፍ ጊዜያቸው የሚከታተሉ ሰው ናቸው። ወረቀቱ ሲቀደድ ከውስጡ አረንጓዴ የመሪ ዘይት ወጣ።

«ብርድ ልብስማ ሁሉም ሰው ይሰጣል» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። «እኔ ለሙሽሮቹ መሪ አመጣሁ።»

«ገብሬ ወንድሜ፣ አላህ ይስጥህ። ግን ይሄ አረንጓዴ ነው።»

«አዎ! አዳዲሶቹ መኪኖች የሚጠጡት ነው። ሻጩ ራሱ ነግሮኛል።»

«የኔዋ አዲስ ናት እንዴ?»

«አሮጊት ስለሆነች እኮ ነው ወጣት ዘይት ያመጣሁላት!»

ጋሽ ረሻድ ኮፈኑን ቀስ አድርገው ዘጉ። «ማን ናት አሮጊት?»

«ዋይ! መኪናዋን ነዋ ያልኩት።»

«እሷ መኪና ብቻ ናት? ይኸውልህ፣ አረንጓዴህን ይዘህ ወደ ቤትህ!»

«ስጦታዬን መለስክ? እንግዲያው ነገ ቀይህን ይዘህ ሙሽራዋን ተቀበል!» ብለው ወጡ።

ይህ ቀላል ዛቻ አልነበረም። ኢክራን ለሙስዓብ ከጠየቁት ሽማግሌዎች ዋናው አፈ ጉባኤ ጋሽ ገብረአብ ነበሩ። የኢክራ አባት ደግሞ በሰው ፊት «ልጄን የምሰጠው ለጠየቀኝ ሰው እጅ ነው» ብለዋል፤ ከቃላቸውም ፈቀቅ የሚሉ ሰው አይደሉም። ጋሽ ገብረአብ ከሌሉ ሙሽራ የለችም።

«ልጄ በዘይት ምክንያት ሚስት ሊያጣ ነው?» አሉ የሙስዓብ እናት እትዬ ዘይቱና። ነጠላቸውን አጣፍተው ሽማግሌ ፍለጋ ወጡ።

ሐጂ የሲንና አቶ በርሄ ወዲያው ደረሱ። ሁለቱ ተጣዮች ግራና ቀኝ፣ ሁለቱ ዘይቶች መሀል በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ሐጂ የሲን ዕድሜያቸውን በስብሰባ ያሳለፉ ሰው ስለነበሩ ንግግሩን እሳቸው ከፈቱት።

«ዛሬ እዚህ የተሰባሰብነው ሁሉንም ባለድርሻ አካላት ባሳተፈ መልኩ ዘላቂ መፍትሔ ለማስቀመጥ ነው።»

«ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መፍትሔው እኮ ክዳኑ ላይ ተጽፏል» አለ ሙስዓብ፣ ድምፁ እምብዛም ሳይሰማ።

«ልጄ፣ ክዳኑ የዚህ ሰፈር ሰው ነው?»

«አይደለም።»

«ለቅሶ ይደርሳል?»

«አይደርስም።»

«እንግዲህ በሰፈር ጉዳይ ምን አገባው?»

ጉባኤው በአድናቆት አጉረመረመ። ከዚያም ውሳኔው ተሰማ፦ ከቀዩ ግማሽ፣ ከአረንጓዴው ግማሽ፤ አሸናፊም ተሸናፊም የለም።

«ሁለቱ እኮ አይቀላቀሉም» ብሎ ሙስዓብ ለመጨረሻ ጊዜ ሞከረ።

አቶ በርሄ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እኛስ ይኸው ተቀላቅለን አልኖርንም?»

ይህን ማን ይከራከራል? እውነት ነዋ። ዘይት ላይ አለመሥራቱ ብቻ ነው ጉድለቱ።

ጋሽ ረሻድ ቀዩን፣ ጋሽ ገብረአብ አረንጓዴውን እኩል አንቆረቆሩ። እልልታው ቀለጠ። ድብልቁ የሰነበተ ሾርባ መሰለ። ሐጂ የሲንም «የመተሳሰብ ቀለም ይሏል ይህ ነው» ብለው መረቁት። ሁለቱ ወዳጆች ተሳሳሙ፤ ጉንጫቸው ሳይነካካ፣ ዓይናቸው ሳይተያይ።

በማግስቱ ኮሮላዋ በአበባ አጊጣ ተነሣች። ጋሽ ረሻድ ይነዳሉ፤ ጋሽ ገብረአብ ከጎናቸው ሆነው በመስኮት ውጪ ውጪውን ያያሉ፤ ሙስዓብ ከኋላ ያልበዋል። ጊዮርጊስ አደባባይ ጋ ሲደርሱ ከኮፈኑ ሥር አረፋ መትፋት ጀመረች። መሪዋም ድንጋይ ሆነ። ከፊታቸው ሰማያዊ ታክሲ ቆሟል።

«ገብሬ!»

«ምን ሆንክ?»

«ያዝልኝ! ወደ ግራ ጎትት!»

«የማን ግራ?»

«ያንተም የኔም! ጎትት!»

በአንድ መሪ ላይ አራት እጅ ተረባረበ። ታክሲውን ለጥቂት አለፉት። ረዳቱ ግማሽ አካሉን አውጥቶ «ፋዘር! ለአንድ መኪና ሁለት ሹፌር? ሀብታም ናችሁ!» አለ።

ከአደባባዩ መውጫው ሲያመልጣቸው ደግመው ዞሩት።

«ያንተ አረንጓዴ ነው ያደረቃት!» አሉ ጋሽ ረሻድ እያለከለኩ።

«ቀይህ ነው እንጂ!»

«እሺ ቀዩ ነው፣ ጎትት ብቻ!»

«እሺ አረንጓዴው ይሁን፣ አንተም ጎትት!»

ይህን ተባብለው ዓይን ለዓይን ተጋጩና ሳቅ አፈናቸው። የቀረውን መንገድ እየተንከተከቱ ነው የጨረሱት።

እሪ በከንቱ ሲደርሱ የኢክራ አባት በር ላይ ቆመው ነበር። «ልጄን የምሰጠው ለጠየቀኝ ሰው እጅ ነው ብያለሁ። እጁ የታለ?»

«መሪው ላይ ነው!» አሉ ጋሽ ገብረአብ። «ከለቀቅኩት ዳገቱ ላይ ሙሽራው ራሱ ያመልጣል፤ ቶሎ ያስገቧት!»

ኢክራ ቬሏን ሰብስባ ሳትጠየቅ ገባች። ጉዞው በሰላም ተጠናቀቀ፤ ወዳጆቹም እስከ ዛሬ አልተለያዩም።

ሽማግሌዎቹ ውጤቱን ሲገመግሙ ዘዴው መቶ በመቶ የተሳካ ሆኖ አገኙት፤ የመሪው ዘይት ፓምፕ መቃጠሉ በእርቁ ሂደት ላይ ያሳደረው ተፅዕኖ እንደሌለም አረጋገጡ። ተሞክሮውን ለማስፋት አቅጣጫ ተቀመጠ። አሁን በሰፈሩ ሰው ሲጣላ ሐጂ የሲን አስቀድመው የሚጠይቁት «መኪና አላችሁ?» ብለው ነው።

ጋሽ ረሻድ ፓምፑን አስቀይረው፣ ቀዩን አስሞልተው ኮሮላዋን ለሙሽሮቹ ሰጥተዋል። ሙስዓብና ኢክራ በትዳራቸው አንድም ቀን ድምፃቸው ከፍ ብሎ አልተሰማም። ጎረቤቱ ፍቅር ነው ይላል። እነሱ ግን እንደ ማንኛውም ባልና ሚስት ይጣላሉ፤ ብቻ በሹክሹክታ ነው፤ ሽማግሌ የሰማ ቀን መኪናዋ አለቀላት።