ለማስተርስ የተላኩ ሽማግሌዎች

እኛ ጎጃሞች ራሳችንን አናመሰግንም። ትሑታን ስለሆንን ነው እንዳትሉ፤ ነውር ስለሆነ ነው። ራስን ማወደስ የሚፈቀደው ፉከራ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ጠላው ከፍ ካለ በኋላ ስለሆነ በማግስቱ ማንም አንስቶ አይጠይቅም። ከዚያ ውጭ አንድ ሰው በጠራራ ፀሐይ ተነሥቶ «እኔ ትጉህ፣ ብልህና ሰው አክባሪ ነኝ» ቢል፣ ሰሚው አንገቱን እየነቀነቀ ያዳምጠውና ሲለያዩ «ምነው፣ እሱ ልጅ ደኅና አይደለም እንዴ?» ብሎ ጎረቤት ይጠይቃል። ስለዚህ ትልቅ ነገር ስንፈልግ በገዛ አፋችን አንጠይቅም። ሚስት ስንፈልግ ሽማግሌ እንልካለን። ከወንድማችን ስንጣላ ሽማግሌ እንልካለን። ያኮረፈች ሚስት ለመመለስማ የሚላከው ሽማግሌ፣ መጀመሪያ ከተላከው ይልቅ ምላሱ የሰላ መሆን አለበት።

እንግዲህ በዚህ ወግ ያደገ ሰው የማስተርስ ማመልከቻ ሲሞላ የሚደርስበትን አስቡት። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ስሙን የማልጠራው አንድ ኮሌጅ ቴክኖሎጂን፣ ንግድንና ሰውን አንድ ላይ የሚያስተምር ፕሮግራም ከፍቷል። የመግቢያ መስፈርቱ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ የሥራ ልምድ፣ የመግቢያ ፈተና፣ ስለ አመልካቹ የሚመሰክሩ ሦስት ሰዎች፣ በመጨረሻም ቃለ መጠይቅ ይላል። ይህ ሁሉ ምንም አይደለም። መሀል ላይ ግን «ከሌሎች ይልቅ እርስዎን ለምን እንምረጥ?» የሚል ጥያቄ ተሰንቅሯል። እኔ ምን አውቄ! ሦስቱ ምስክሮች እያሉ እኔን ስለ እኔ የሚጠይቁኝ ለምንድን ነው?

እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። የምቀመጠው ከኋላ ክፍል፣ ገመድ እንደ ሐረግ ከሚጥመለመልበት ሳጥን አጠገብ ነው። ሰው እኔ ዘንድ የሚመጣው ማተሚያው ወረቀት ሲውጥበት ብቻ ነው፤ ያኔም ሰላም የሚለው ማተሚያውን እንጂ እኔን አይደለም። ስለዚህ ባለፈው ዓመት አመልክቼ የተሰጠኝ መልስ አልገረመኝም። ቴክኖሎጂው አለው፣ ንግዱንም ይማረዋል፣ ከሰው ጋር የመሥራት ችሎታው ግን አልታየም አሉኝ። ከሦስት ጉልቻ አንዱ ጎድሎ ድስቱ ወደቀ ማለት ነው። አልገረመኝም አልኩ እንጂ አልከፋኝም አላልኩም። በጣም ከፍቶኝ ነበር። ዘንድሮ አለቃዬ «የትምህርት ፈቃዱን የምሰጥህ በዚህ ዓመት ከገባህ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ተራው የወጣቶቹ ነው» ሲለኝ ደግሞ እንቅልፍ አጣሁ። ጸጉሬ ከፊት መሸሽ ጀምሯል፤ ይህ ቢያመልጠኝ ዕድሜዬን ከማተሚያ ጋር እንደምጨርስ ገባኝ።

ጭንቀቴን ያየች ባለቤቴ ስመኝ ለአባቷ ስልክ ደወለች። የመከረችው ክፉ አልነበረም። «አባባ፣ እስቲ ጸልዩለት፤ ሦስት መስካሪ አምጣ፣ ቀርበህም ተጠየቅ ብለውታል» ነው ያለቻቸው። አማቴ አባባ ታከለ የይጁቤ ገበሬ ናቸው። ምስክሮቼ ቃላቸውን አስቀድመው በኢሜይል እንደላኩ ማን ይንገራቸው? ብንነግራቸውስ! ሰው ሲፈለግ ወረቀት መላክ ለእሳቸው ለሠርግ የእንጀራ ፎቶግራፍ እንደመላክ ነው። ጸሎቱን ለእግዚአብሔር ትተው ሥራውን ራሳቸው ያዙት።

የቃለ መጠይቁ ዕለት ተራዬ ደርሶ ከሦስቱ ፈታኞች ፊት ተቀምጫለሁ። ሰብሳቢው ዶክተር አንተነህ የዚሁ አገር ልጅ ነው። አጠገቡ ከጅማ መጥታ እዚሁ የምታስተምረው ዶክተር ሀያት አለች። ሦስተኛው ስልኩን የሚነካካ ወጣት መምህር ነው። ዶክተር አንተነህ «ስለ ራስዎ ይንገሩን» አለኝ። ላቤ መጣ። አፌን ከፍቼ «እንግዲህ እኔ…» ስል በሩ ተከፈተ።

«ቤቶች! እንደምን አደራችሁ?»

አባባ ታከለ ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው ገቡ። ከኋላቸው ዲማ የተማሩት መሪጌታ ኅሩይ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ከእሳቸው ኋላ ደግሞ የአማቴ ጎረቤት አያ ስንሻው። ሦስቱም ከይጁቤ በንጋት በሚነሣው የመጀመሪያ መኪና ተሳፍረው መጥተዋል። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ ግን የኮሌጁ ወለል ሲሚንቶ ነው።

ዶክተር አንተነህ የታላቅ አክባሪ ልጅ ስለሆነ ብድግ ብሎ «ይቀመጡ አባቶቼ» አለ።

«የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አባባ ታከለ። «ቤታችሁን አክብረን፣ ልጃችንን ልጃችሁ አድርጉልን ብለን መጥተናል።»

ወጣቱ መምህር ስልኩን አስቀመጠ። ዶክተር ሀያት እስክሪብቶዋን አገጭዋ ላይ አድርጋ ከእኔ ወደ ሽማግሌዎቹ፣ ከሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ታያለች። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይቅርታ ጠይቄ አስወጣቸው ነበር። ግን የሽማግሌ ወግ ታውቁታላችሁ፤ ስለ ልጁ ከመወራቱ በፊት የቤቱ ዘር ይጠየቃል። አባባ ታከለ ወደ ሰብሳቢው ዞረው «ለመሆኑ የኔ ልጅ፣ አገርህ ወዴት ነው?» አሉት። አባቱ የአምበር ሰው መሆናቸውን ነገራቸው። የማን ልጅ፣ የማን የልጅ ልጅ እያሉ ወደ ላይ ወጡ። ልጃቸውን ሲድሩልኝ እስከ ሰባት ቤት የቆጠሩኝ ሰው ናቸውና የእኔን ዘር ከእኔ አብልጠው ያውቁታል። ፊታቸው ሲበራ አየሁና ልቤ ወለቀ።

«በል ና ሳመኝ! የአንተ ቅድመ አያትና የዚህ ልጅ ቅድመ አያት የአንድ እናት ልጆች ናቸው! ዘመዳችን ነህ! እንግዲህ ነገሩ አለቀ።»

ነገሩስ በእርግጥ አለቀ። ዶክተር አንተነህ ፊቱ ተለዋወጠ። «አባቴ፣ በደንባችን ፈታኝ ዘመዱን አይፈትንም። እኔ ከዚህ መውጣት አለብኝ» አለ። መሪጌታ ኅሩይ መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ አቁመው «ልክ ነው፤ ዘመድ በዘመዱ ዳኛ አይሆንም» ብለው አጸኑለት። አባባ ታከለ ግን በሩን ዘጉት። «በእኛ ምክንያት የተከበረ ሰው ከወንበሩ አይነሣም! ይህን ነውር ይዤ ይጁቤ አልገባም!» አያ ስንሻውም ከተከራካሪዎቹ ጋር በየተራ ተስማሙ።

እንግዲህ ቋጠሮውን ልብ በሉ። ሰብሳቢው መቆየት አይችልም፤ ሽማግሌዎቹ መውጣት አይፈቅዱለትም፤ ሽማግሌዎቹም አይቀመጡም። ዶክተር አንተነህ ሰዓቱን አይቶ «ካልሆነ የዚህን አመልካች ጉዳይ ለከርሞ ማስተላለፍ ነው» ሲል ሰማሁት። ለከርሞ! ለእኔ ከርሞ የሚባል የለም። ላቤ ደረቀና ሳላስበው ብድግ አልኩ።

«አባባ» አልኳቸው፣ «ዶክተር ዘመዳችን ከሆነ እዚያ ማዶ ምን ያደርጋል? ወገኑኮ እኛ ነን። ሽማግሌ ሊሆነኝ ይገባል እንጂ ሊፈርድብኝ ነው እንዴ? አራተኛ ሽማግሌ አድርጋችሁ ይዛችሁት ውጡ። እሱም ተነሣ አይባልም፤ ወደ ወገኑ ተሻገረ ነው የሚባለው። ደጅ ካለው ክበብ ሻይ አዝዞላችሁ፣ ከዘመዳችሁ ዘንድ ትቀመጣላችሁ። እዚህ የሚቀሩት ባዕድ ናቸውና በእውነት ይፈርዳሉ።»

 አባባ ታከለ መሪጌታን አዩ፤ መሪጌታ ጣራውን አዩ። ከዚያ አማቴ ፈገግ ብለው የዶክተሩን ክንድ ያዙ። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ! ና እንሂድ የኔ ልጅ» አሉት። ዶክተር አንተነህም መጀመሪያ እየሳቀ፣ በኋላም እውነት ደስ ብሎት አብሯቸው ወጣ። በሩ ላይ አባባ ታከለ ዞር ብለው ዶክተር ሀያትን «እመቤት፣ ምን ብለን እንሂድ?» አሏት።

«ውጤቱ ወደፊት በማስታወቂያ ይገለጻል፣ አባባ።»

አማቴ ፊታቸው በራ። «አያችሁ? እንመካከርበት ማለቷ ነው። ልጅ ሊሰጥ ያሰበ ቤት እንዲሁ ነው የሚለው። ወዲያው እሺ ካሉህማ ልጅቷ አንድ ነገር አለባት።»

ዶክተር ሀያት ወደ እኔ ዞራ ወረቀቷን ገለበጠችው። «ቀጥሎ የምጠይቅህ ፍላጎታቸው የማይገጥም ሰዎችን አስማምተህ ታውቅ እንደሆነ ነበር» አለችኝ። «ትቼዋለሁ። ስለ ንግዱ እናውራ።» በሕይወቴ ስለ ንግድ እንደዚያ ቀን አውርቼ አላውቅም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስሜ ተለጠፈ። ስመኝ እልል ስትል ጎረቤት ልጅ የተወለደ መስሎት ገንፎ ሊበላ መጣ። እኔም፣ አላፍርም፣ ማተሚያው ክፍል ገብቼ በሬን ዘግቼ አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ጠርጌ ማተሚያውን የዋጠውን ወረቀት አስተፋሁት፤ ልማድ አይለቅም።

የቀጣዩ ዓመት ማስታወቂያ ወጥቶ ሳነብ ደግሞ ከመስፈርቶቹ ግርጌ አዲስ መስመር ታክሏል፦ «አመልካች ለቃለ መጠይቅ ብቻውን መቅረብ አለበት።» ፊርማው የዶክተር አንተነህ ነው። ለአገሬ ከፍተኛ ትምህርት ያበረከትኩት አስተዋጽኦ ይኼ ነው፤ ራስን ማመስገን ነውር ባይሆን ኖሮ በየቦታው እናገረው ነበር።

ታዲያ ባለፈው ሳምንት ይኸው ዶክተር ደወለልኝ። ዘመድ ከሆንን ወዲህ አንተ ነው የምንባባለው። ስሜን አቆላምጦ ጠራኝና የአየሩን ሁኔታ፣ የባለቤቴን ጤና፣ የማተሚያውንም ጤና ሳይቀር ጠየቀኝ። መጨረሻ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ያ አባባ ታከለ… እሁድ ጊዜ ይኖራቸው ይሆን? አንዲት አስተማሪ አለች። ቤተሰቧ አምበር ነው።»

«መስፈርቱ አመልካች ብቻውን ይቅረብ አይልም እንዴ?» አልኩት።

«ኧረ እሱ ለማስተርስ ነው!»

እሁድ አምበር ወረድን። አባባ ታከለ፣ መሪጌታና አያ ስንሻው፤ እኔም አራተኛ ሆኜ። አማቴ ከልጅቷ አባት ደጅ ቆመው የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ፤ ዘር ተቆጠረ፤ ምንም ዝምድና አልተገኘም፤ እንመካከርበት ተባልን። ከግቢው ሳንወጣ ስልኬ ተንቀጠቀጠ። ዶክተሩ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን እየበላ «ምን አሉ? ምን አሉ?» ብሎ ጽፎልኛል።

ከሽማግሌዎቹ ኋላ ቀረሁና፣ ቀስ ብዬ፣ እያንዳንዷን ፊደል እያጣጣምኩ መለስኩለት፦

«ውጤቱ ወደፊት በማስታወቂያ ይገለጻል።»