ቦርሳ ያዧ

በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት ሰው አለ፤ ሠርግ ላይ ቦርሳውን የሚያስይዝና የሚይዝ። «ሦስተኛም አለ» የምትሉኝ እናንተ፣ በእርግጠኝነት ከአስያዦቹ ወገን ናችሁ። እኔ ያዥ ነኝ።

ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን ትምህርት ቤት ካስገባሁ በኋላ፣ በማታው ክፍል ነው። ያኔም ዝምተኛ፣ አሁንም ዝምተኛ። መጽሐፍ ከያዝኩ ቤቱ ቢቃጠል ገጹን ሳልጨርስ አልነሳም። ምንጣፍ ጠምሞ ካየሁ ደግሞ እንቅልፍ የለኝም። እንዲህ ያለች ሴት ስትገኝ ሰው ምን ያደርጋል? «እሷ ጋ አይጠፋም» ብሎ ቦርሳውን ጭኗ ላይ ይቆልላል። እኔም ከትልቅ ወደ ትንሽ አሰልፈዋለሁ።

ግን አንድ ምስጢር ልንገራችሁ… ውስጤ ሌላ ሴትዮ አለች። ከበሮ ሲመታ ቀድማ የምትነሳ፣ ዳሌዋ አጥንት ያልተሠራለት የሚመስል። ከሠርግ በተመለስኩ ቁጥር ታኮርፈኛለች። የእሷ ኩርፊያ ከባል ኩርፊያ ይብሳል፤ እራት አያስታርቃትም። ያን ቀን መጽሐፍ ብገልጥ እንኳ አንዱን ገጽ ደጋግሜ አንብቤ አይገባኝም።

ስለዚህ የእህቴ ልጅ ምሕረት ልታገባ ስትል ቆረጥኩ። በሬን ዘግቼ ልምምድ ጀመርኩ። ጎረቤቴ ዘነበች አንኳኳች።

«እቴ፣ ቁም ሳጥን ብቻሽን እየገፋሽ ነው እንዴ?»

«አዎ» አልኳት። ምን ልበል?

የሠርጉ ዕለት ሰፈራችን ሲቀላ እንደ ልማዷ በሙቀት ትነድ ነበር። ገና ወንበሬ ሳይሞቅ ቦርሳው ይጎርፍ ጀመር። የጨንቻን ብርድ እንደለበሱ የወረዱት ዘመዶቻችን ደግሞ ካፖርታቸውን እያወለቁ ጨመሩልኝ። በላብ ተጠምቄ ሳለ ሙሽራዋ ከጭፈራው መሀል ጠራችኝ።

«አክስቴ፣ በኔም ሠርግ ልትቀመጪ ነው?»

ቀልዷን ነው። ውስጤ ያለችው ሴትዮ ግን አልሳቀችም።

ተነሳሁ። ታዲያ የሰው አደራ መሬት ይጣላል? ቦርሳውን በአንገቴም በክንዴም አንጠልጥዬ፣ ካፖርቱን ደራርቤ ገባሁ። ከላንቴ ሙዝ እንደጫነ አይሱዙ እየተንገጫገጭኩ ስዞር… ሴቶቹ ተከተሉኝ! ወደ ግራ ስል ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ስል ወደ ቀኝ። ወደ ድንኳኑ በር የተጠጋሁ ጊዜማ ጭፈራው እንዴት እንደጋለ አትጠይቁኝ። ለካ እንዲህ ነኝ ብዬ ልቤ አበጠ።

ይሄኔ የሙሽራው አክስት ዳሌዋን ሳታቋርጥ ጆሮዬ ሥር ደረሰች።

«እህቴ፣ ቀዩ የኔ ነው። ስልኬ አለበት፣ ቀስ በይ።»

ዞር ብዬ አየኋቸው። አንዷም ፊቴን አታይም፤ ሁሉም የየራሷን ቦርሳ እያየች ነው የምትጨፍረው።

ባለፈው ሳምንት ምሕረት ቪዲዮውን ይዛ መጣች። «እዪ እስቲ አክስቴ፣ ሠርገኛው በሙሉ አንቺን ሲከተል! ዓይናቸውን ካንቺ ላይ አልነቀሉም እኮ።»

እውነትም አልነቀሉም። ያቺ አኩራፊ ሴትዮ አብራን እያየች ነበርና፣ ስለ ቦርሳው ትንፍሽ አላልኩም።