ከምሥራቅ የጎደለው ጨረር

አውድማዬን የማይወድ ሹም የለም። ለጥ ያለ ነው፣ ነፋስ ያገኘዋል፣ ደብረ ማርቆስም ከሥሩ ትታያለች። አንዱ ጭቃ ሹም ለችሎት ወሰደው፤ ቀጥሎ የመጣው ለፈረሱ ማሰሪያ። እኔ በየዓመቱ የሰው አውድማ ለምኜ ስወቃ ኖርኩ። ጣሊያን ሲገባ፣ "ይኼስ ባዕድ ነው፣ አውድማ ምን ያደርግለታል?" ብዬ ነበር።

በታኅሣሥ፣ ጤፌ ተከምሮ ሳለ፣ አንድ የጣሊያን ሊቅ መጣና መሣሪያውን አውድማዬ መካከል ተከለ። ከሰማይ የሚወርድ፣ ዓይን የማያየው፣ ጣራ በስቶ የሚያልፍ ጨረር አለ አሉ። መሣሪያው ቱቦ ቱቦ ነገር ነው፤ ጨረር ባለፈበት ቁጥር ቀጭ ይላል። ሊቁ አንዴ ወደ ምዕራብ፣ አንዴ ወደ ምሥራቅ እያዘነበለ የትኛው እንደሚበዛ ያስተያያል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጠዋት ጠዋት እጅ ይነሣኛል። "ጤፌስ?" ስለው ግን ቀና ብሎ ሰማይ ያያል።

አንድ ቀን ያገኘውን ለግራዝማች ፈንታ አስነገረ። ግራዝማች ጣሊያን የሾማቸው ያገራችን ሰው ናቸው።

"በምዕራብ ከአማኑኤል በኩል የሚመጣው በምሥራቅ ከአምበር በኩል ከሚመጣው ይበልጣል ይላል" አለ አስተርጓሚው አበረ።

"የአምበሩን ማን አጎደለው?"

"ምድር ናት አሉ። ብረት እንደሚስብ ድንጋይ ሆና መንገዱን ታጣምመዋለች።"

"ምድር አፍ ስለሌላት ሁሉም በሷ ያሳብባል። የጎደለ ነገር ወሳጅ አለው።"

ስለዚህ አውጫጭኝ ተጠራ። ከብት ሲሰረቅ እንደሚደረገው፣ በምሥራቅ በኩል ያለን አገሬው ሁሉ ተሰበሰብን፤ ሌባው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። የት? አውድማዬ ላይ።

መሪጌታ ወልደ ሰንበት ተነሡ። "ጌታዬ፣ አይታይም የተባለውን እንዴት አይተን እንሰርቃለን?"

"ሲሰርቅ የሚታይ ሌባ የታለ?" አሉ ግራዝማች።

ጎረቤቴ ማንጠግቦሽ ከኋላዬ፣ "ኧረ ላሜ ሳትታለብ ዋለች፤ አንዳችሁ እኔ ነኝ በሉና እንገላገል" ትላለች። ሰው አፉን በጋቢው ሸፍኖ ይስቃል።

እኔ አልሳቅሁም። በጮቄ በኩል ያለወራቱ ደመና እየከበደ ነው። ክምሬን ዝናብ ካገኘው የዓመት ቀለቤ በሰበሰ ማለት ነው። ተነሣሁ።

"ጌታዬ ግራዝማች፣ እኔ ነኝ።"

"አንቺ? የብርጓል?"

"እኔው ነኝ።"

"የት ደበቅሽው?"

"ክምሬ ውስጥ። ከጤፉ ጋር ተደባልቋል፤ ካልተወቃ አይለይም።"

ሊቁ ምን እንዳልኩ ጠየቀ። አበረ እኔን አየ፣ ደመናውን አየ። ምን ብሎ እንደተረጎመለት እንጃ፣ ሊቁ መሣሪያውን አቅፎ ከአውድማው ወጣ።

ግራዝማች አዘዙ። አገሬው በሬ ነዳ፣ ዘበኛቸው ጠመንጃውን አስደግፎ ነዶ ተሸከመ፣ እሳቸውም ካባቸውን አውልቀው መንሽ ያዙ። ዝናቡ ሲጥል ጤፌ ጎተራ ገብቶ ነበር።

"ጨረሩስ?" አሉኝ፣ ከራስ ፀጉራቸው ገለባ እየለቀሙ።

"ሲያዘሩት ነፋስ ወሰደው።"

"ወደየት?"

"ወደ ምሥራቅ።"

"እንግዲያው ተመልሷል" አሉና ለበላዮቻቸው አስታወቁ። ሊቁ ዳግመኛ ሳይጠየቅ፣ የጎደለ ጨረር አስመላሽ ተብለው ቀኛዝማች ሆኑ።

ለሹመቱ ድግስ ድንኳን የሚተከልበት ለጥ ያለ ሜዳ ሲያፈላልጉ ወደ እኔ ላኩ። አውድማዬን ግን በዚያው ዝናብ እርጥበት አሳርሼዋለሁ። መውቂያ መለመን ድሮም ለምጄዋለሁ፤ ሹም ግን ትልም ላይ አይቀመጥም።