ሊቁ ያልተሳሳቱባት ከተማ

ሁሉን አዋቂ የሌለው ቤተሰብ የለም። በዘር ካልተገኘ በጋብቻ ይመጣል፣ በጋብቻ ካልመጣም ጎረቤት ሆኖ ቤት ይከራያል። ይህ ሰው በዓለም ላይ የማያውቀው አንድ ነገር ቢኖር «አላውቅም» ማለትን ነው።

ለፋርማሲስቷ ቤተሰብ ይህ ጸጋ የደረሰው በታላቅ እህቷ ባል በኩል ነው። ሰውየው ሥራቸው መጋረጃ መሸጥ ቢሆንም ቤተሰቡ የሚጠራቸው «ሊቁ» እያለ ነው፤ እሳቸውም ስሙን እንደ ሹመት ተቀብለውታል። የሊቁ ልዩ ተሰጥኦ ሁልጊዜ መሳሳታቸው ነው። ሌላው ሰው በግምት ሲናገር እንኳ አንዳንዴ ይመታል። እሳቸው ግን አንድም ቀን ተሳስተው እንኳ ልክ ሆነው አያውቁም። «እኔ ልንገራችሁ» ብለው ጉሮሯቸውን ከጠረጉ ነገሩ አብቅቶለታል። «ዛሬ አይዘንብም» ሲሉ የታጠበ ልብስ ከገመድ ላይ ይነሳል። አንድ ጊዜ አቋራጭ አውቃለሁ ብለው መኪና ሙሉ ዘመድ የማያውቁት ሰው ሠርግ ላይ ጣሉት። ሌላው ሰው በሐፍረት መግቢያ ሲያጣ፣ ሊቁ ተነሥተው ለሙሽሮቹ ምክር ለገሱ፤ ተጨበጨበላቸውም።

ፋርማሲስቷ ደግሞ ስህተት ሰምታ ማለፍ የማይሆንላት ሴት ናት። በሥራዋ አንዲት ነጥብ ቦታዋን ከሳተች ሰው ይጎዳል፤ ይህ ጥንቃቄዋ እቤትም ድረስ ይከተላታል። «ክኒን በውሃ አይዋጥም፣ ውሃው ያቀጥነዋል» ይሏታል ሊቁ።

«ጋሼ፣ እንደሱ አይደለም» ትላለች።

«ነው እንጂ» ይላሉ።

እንዲህ ሲባባሉ ኖረው፣ ታላቅ እህቷ እትዬ ጡረታ ስትወጣ የእስያ ጉዞ አመጣች። ሐውልትና ቤተ መንግሥት ማየት የሌለበት፣ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወሩ መብላት ብቻ የሆነ የቡድን ጉዞ ነው። ጥቂት ጡረተኞች፣ አንድ አዲስ ተጋቢ ባልና ሚስት፣ የአገሩን ቋንቋ አሳምራ የምትናገር ቀጭን አስጎብኚ፣ በላያቸው ላይ ሊቁ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደተጠበቁት አለፉ። ሊቁ ስለ አንድ ዓሣ አጠባበስ ጠረጴዛውን ሙሉ አስተማሩ፤ ሲጠየቅ ደበርጃን የሚባል አትክልት ሆኖ ተገኘ። ለጌጥ የተቀመጠውን ከካሮት የተቀረጸ አበባ በሉና «ጨው አንሶታል» ብለው ፈረዱ። የመመገቢያዎቹን ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች በጭራሽ ሊይዟቸው ስላልቻሉ አንደኛውን እንደ ጦር ይዘው ምግቡን ይወጉበት ጀመር። «የጥንቱ አያያዝ ይሄ ነው» አሉ። አዲስ ተጋቢዎቹ ሳቅ ይዟቸው ከጠረጴዛ ተነሥተው ይወጡ ነበር። ፋርማሲስቷ አርማ አርማ ደከማት።

ከዚያ ወንዝ ዳር ወዳለችው አሮጌ ከተማ ገቡ።

አውቶቡሱ ሲያወርዳቸው ዝናብ ይጥላል። መንገዶቹ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፉ፣ ግድግዳቸው በሻጋታ የተሸፈነ፣ ከላይ የተሰጣ ልብስ ውሃ የሚያንጠባጥብባቸው ናቸው። አስጎብኚዋ ምሳ የተያዘበትን ቤት ማግኘት አቃታት። ስልኳ መሥመር የለውም። አንዱን መታጠፊያ ሦስቴ ተመላለሱበት።

«በዚህ ነው» አሉ ሊቁ።

ሁሉም በምሬት ተነፈሰ። ግን ከመቆም መሄድ ይሻላል ብለው ተከተሏቸው። ሊቁ ዘወር እንኳ ሳይሉ ገቡ፣ ታጠፉ፣ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት ጥግ ጋ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው አለፉ። ከኋላ የመጣው የአዲሷ ሙሽራ ባል አልጎነበሰምና ግንባሩን በዝቅተኛ ብረት መታ። በየደጃፉ የተቀመጡ ሽማግሌዎች ሊቁን እያዩ በእርጋታ ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ፤ እንግዳ ሲያዩ ሳይሆን፣ ከገበያ የሚመለስ ጎረቤት ሲያዩ እንደሚደረገው። አንድ ፀጉር አስተካካይ ምላጩን ከደንበኛው አገጭ ላይ ሳያነሳ ግራ እጁን ከፍ አደረገላቸው። ሊቁም እጃቸውን አነሡ።

ምልክት የሌለው ጥቁር በር ፊት ቆሙ። አስጎብኚዋ ወረቀቷን አየች፣ በሩን አየች፣ «ይሄው ነው» አለች።

ፋርማሲስቷን ያስፈራት ቤቱን ማግኘታቸው አልነበረም። አለመኩራራታቸው ነው። ሊቁ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ልክ ሆኑ፣ እና ምንም አላሉም። «ወደ ታች የሚወርድ ደረጃ አለ፣ እንዳትወድቁ» ብለው ብቻ ቀድመው ገቡ። ደረጃው ነበረ።

ውስጡ ጨለም ያለ፣ የዘይትና የእርጥብ እንጨት ሽታ የያዘ ነው። ወጥ ሠሪዋ፣ ጀርባዋ የጎበጠ አሮጊት፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሾርባ ከሩዝ ጋር አቀረበች። ለሊቁ ግን ከሌላ ድስት፣ ጠርዙ በተሸረፈ ሳህን ቀዳችላቸው፤ አጎንብሳም ቀስ ብላ አንድ ነገር ተናገረች።

«ምን አለች?» አለች እትዬ።

አስጎብኚዋ አመነታች። «አረጀች መሰለኝ፣ ሰው ተምታቶባት ነው። 'ቆየህ' ነው ያለችው።»

ሊቁ እንጨቶቹን አነሡ። በሁለት ጣታቸው መሃል አስገብተው፣ አንዲት የሩዝ ፍሬ ሳይጥሉ፣ እዚያ እንደተወለደ ሰው ቀስ እያሉ በሉ። ከጠረጴዛው የሳቀ ሰው አልነበረም።

በዚያች ከተማ በቆዩባቸው ቀናት ሊቁ አልተሳሳቱም። «ዛሬ ጀልባው አይሄድም» አሉ፤ አልሄደም። «ከዚህ ምንጭ አትጠጡ» አሉ፤ የጠጡት ሁለት ጡረተኞች ታመው ዋሉ። ንግግራቸውም እያጠረ፣ «እኔ ልንገራችሁ» ማለትም እየቀረ መጣ። ስማቸውን ሲጠሯቸው ቆይተው ነው የሚዞሩት።

ቁርስ ላይ እትዬ ፊቷ አብጦ መጣች። «ተኝቶ ያወራል» አለቻት እህቷን። «በነሱ ቋንቋ። ቀስ ብሎ፣ በደግ ድምፅ።»

«ሰምቶ ያነሳው ቃል ይሆናል፣ እትዬ።»

«እግዜር አንድ ነገር እንኳ ያሳውቅልኝ እያልኩ ስጸልይ ኖርኩ። ይኸው አወቀ። እኔ ግን አጠገቡ መተኛት ፈራሁ።»

አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ሊቁ የሉም። ሻንጣቸው ተጭኗል፣ ኮታቸው ወንበራቸው ላይ ተሰቅሏል። ሁለቱ እህትማማቾች አልተነጋገሩም፤ ወዴት እንደሚሄዱ ሁለቱም ያውቁታል። በእርጥቡ መንገድ እየተሯሯጡ ሄዱ። በየደጃፉ ያሉት ሽማግሌዎች ዛሬ ጭንቅላታቸውን አልነቀነቁም፤ ፊታቸውን ወደ ውስጥ መለሱ።

ሊቁ ማድ ቤቱ ውስጥ ነበሩ። ሽርጥ አገልድመው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ አሮጊቷ አጠገብ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዝንጅብል ይልጣሉ። ቤታቸው ሽንኩርት ልጠው የማያውቁ ሰው፣ ቢላዋውን ሳያዩት ልጣጩን እንደ ወረቀት ስስ አድርገው ያወርዱታል።

«አንተ፣ ተነሥ እንጂ፣ አውቶቡሱ ሊሄድ ነው» አለች እትዬ።

አልዞሩም። ትከሻቸውን ያዘችው። እጇን በትህትና ከትከሻቸው ላይ አነሡላት፤ መንገድ የጠፋበትን እንግዳ እንደሚሸኙ ዓይነት። እትዬ ወደ ኋላ ሄዳ ግድግዳ ተደገፈች።

ፋርማሲስቷ የምታደርገው ጠፋባት። ልለምን አለች፣ ልቆጣ አለች። ግን የሚቆጣቸው ሰው ያሰለቻቸዋል እንጂ እንደማያነቃቸው ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ስታርማቸው፣ ስትቆጣቸው ነው የኖረችው። ጠይቃቸው ግን አታውቅም። አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

«ጋሼ» አለች፣ «ልጠይቅዎ እስቲ። ይሄ ዝንጅብል የሚለቀመው ከምን ዓይነት ዛፍ ላይ ነው?»

ቢላዋው ቆመ። አሮጊቷም ማማሰሏን አቆመች። ከድስቱ የሚወጣው እንፋሎት በሦስቱ መሃል ይንሳፈፋል፤ ከውጭ የውሃ ጠብታ ይሰማል። ሊቁ እጃቸው ላይ ያለውን ሥር አገላብጠው አዩት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ሥር ነው ሊሉ ነው ብላ ፈራች።

ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ከረጅሙ ዛፍ ነው» አሉ። «የሚለቀመውም በመሰላል ነው። ለዚህ ነው የሚወደደው።»

እትዬ የሩዝ ጆንያ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ፋርማሲስቷ ምላሷ ላይ የመጣውን እርማት ዋጠችው፤ «በመሰላል ነው ለካ» አለች። «በረጅም መሰላል» አሉ ሊቁ እየሞቃቸው፣ «ደግሞ ሌሊት ብቻ ነው፤ ፀሐይ ካየው ይመርራል።» አሮጊቷ ፋርማሲስቷን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ቢላዋውን ከሊቁ እጅ ቀስ አድርጋ ወሰደችና ጀርባዋን ሰጠቻቸው።

አውቶቡሱ ውስጥ ሊቁ ሩዝ ከስንዴ እንዴት እንደሚሠራ ለአስጎብኚዋ አብራሩላት። ልታርማቸው አፏን ስትከፍት ፋርማሲስቷ ክንዷን ያዘቻት።

ከተመለሱ በኋላ ተጓዦቹ እነ እትዬ ሳሎን ተሰብስበው ፎቶዎቹን በቴሌቪዥን አዩ። የአሮጌዋ ከተማ ፎቶ ሲመጣ ወሬው ረገብ አለ። ጥቁሩ በር፣ ዝናቡ፣ የተሸረፈው ሳህን። ሊቁ ከሶፋው ተነሥተው ቀረብ ብለው አዩት።

«ይሄን ቤት አላየሁትም» አሉ። «ያን ሰሞን ሆዴን አሞኝ ሆቴል ተኝቼ ነበር መሰለኝ።»

እትዬ እህቷን አየቻት። አዲሷ ሙሽራ የባሏን እጅ ጨበጠች።

«አዎ ጋሼ፣ ሆቴል ነበሩ» አለች ፋርማሲስቷ።

«በጣም ተንከራተታችሁ አሉ፣ በዝናብ።» ሊቁ በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ብኖር ኖሮ እኮ በቀጥታ እወስዳችሁ ነበር።»

የሳቀ አልነበረም። ፋርማሲስቷ አጠገቧ ያለውን ባዶ ቦታ መታ መታ አድርጋ አስቀመጠቻቸው፣ ክንዳቸውንም በሁለት እጇ አጥብቃ ይዛ፣ «ይወስዱን ነበር» አለች።