ለመሰናዶው መሰናዶ

በየከተማው፣ ረግጦት የማያውቀውን አገር ሰፈሩን ያህል የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ለደሴ የተሰጡን ክቡር ጋሽ አሞጽ ናቸው። ከኮምቦልቻ ወዲያ ለመሻገራቸው ምስክር ባይገኝም፣ የኩዋላላምፑርን አውቶቡስ መስመር ከሹፌሮቹ በላይ ያውቁታል።

ሚሊኒየሙን ካከበርን ወዲህ ነገሩ እንዲህ ሆነ። ልጁ እዚህ መሰናዶ ይጨርሳል። በእንግሊዝኛ የሚያስተምረው የውጭ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ «መጀመሪያ አንድ ዓመት ፋውንዴሽን ተማር» ይለዋል፤ ሌላ መሰናዶ ማለት ነው። ለዚያ መሰናዶ የሚያሰናዱት ጋሽ አሞጽ ናቸው፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ጀርባ በተከራዩዋት ክፍል።

እንግሊዝኛው ምራቂ ነው። ዋናው ትምህርት ይሉኝታን መንቀል ነው።

«በይሉኝታ ቪዛ የተመታለት የለም! እዚያ ማርክ የሚያገኘው አስተማሪውን የሚቃወም ነው። ገባችሁ?»

«እሺ ጋሼ።»

«እሺ አትበሉ!»

«እሺ ጋሼ፣ አንልም።»

እዮብ የሚባለው ተማሪ ብቻ ትምህርቱ ፈጥኖ ገባውና ፓስተሩ ሲሰብኩ እጁን አውጥቶ «ማስረጃዎ ምንድን ነው?» አለ። እናቱ ወይዘሮ ሊድያ ክፍሉ ድረስ ገስግሰው መጡ። «ልጄን ለእንግሊዝኛ ሰጠሁህ እንጂ ለጠበቃነት ሰጠሁህ?» ጋሽ አሞጽ ምስጋና እንደተቀበለ ሰው እጅ ነሡ።

አልነቀል ያላቸው የቢልቂስ ይሉኝታ ነበር። የኩታበር ገበሬ ልጅ ናት፤ ሰዋስዉን ከመጽሐፉ ቀድማ ትጨርሳለች፣ ካፏ ግን ከ«እሺ» በቀር አይወጣም። ማሌዥያ ፋውንዴሽኑን በነፃ የምትማርበት ዕድል ደግሞ ለዘንድሮ ብቻ ነው፤ ቃለ መጠይቁን ካላለፈች አበቃ።

ቀኑ ደረሰ። ኢንተርኔት ቤት፣ ስካይፕ ላይ ተቀመጠች፤ ጋሽ አሞጽ ካሜራው በማያያቸው ጥግ ተሸጎጡ። የማሌዥያዋ ሴትዮ «በባቡር ስላደረግሽው ጉዞ ንገሪኝ» አለቻት። ለቢልቂስ ባቡር ከየት ይምጣ? ዝምታው ሲረዝም ሴትዮዋ «ለከርሞ ተዘጋጅተሽ ብትሞክሪ ይሻላል» አለች።

ስንቱን ይሉኝታ የነቀሉት ጋሽ አሞጽ ላብ አጠመቃቸው። «እሺ በይ! አመስግነሽ ውጪ!» ሲሉ አንሾካሾኩ።

«አልልም ጋሼ» አለች ቢልቂስ፣ ዘወር እንኳ ሳትል።

ከዚያ በእንግሊዝኛ ቀጠለች፦ «ባቡር አይቼ አላውቅም። ያልተሳፈርኩበትን ምን ብዬ ልንገርዎ? ከኩታበር ደሴ የምመጣበትን አይሱዙ ይጠይቁኝ።»

ጥያቄውንም አልጠበቀች። ከበጎቹ ጋር ተጭና፣ ጉሙ መንገዱን ሲውጠው፣ ሾፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ «ገደሉ በየት በኩል ነው?» እያለ ተሳፋሪውን ሲጠይቅ፣ ከላይ ያለው ሁሉ «ያ ረቢ!» ሲል፣ ሁሉንም ዘረገፈችው። ሴትዮዋ በሳቅ ፈርሳ ባልደረባዋን ጠራች። እሱም ገና አፉን ሲከፍት ቢልቂስ «ይቅርታ፣ አልጨረስኩም» አለችው።

አለፈች!

ጋሽ አሞጽ የኢንተርኔት ቤቱን ደንበኛ አንድ በአንድ አቀፉ፤ ፌስቡክ ላይ ተደፍቶ የነበረውን ሳይቀር። አባቷ ሙሄዲን ከኩታበር መጥተው እጃቸውን ጨበጡ። «ወላሂ አሞጽ፣ ሳመጣልህ አፍ አልነበራት። አሁን ቤታችን በመልስ የሚችላት ጠፋ። አላህ ዕድሜህን ያርዝመው!»

ካፌ ተጎልቼ በጋሽ አሞጽ ስስቅ የኖርኩት እኔም ሰኞ ጠዋት ልጄን ሚስጥርን ይዤ በራቸው ላይ ቆምኩ። ልጅቱ እደጃፉ ላይ ተገትራ «አልገባም! ማን ጠየቀኝ?» አለች። እኔ በሐፍረት መሬት ልገባ ደረስኩ፤ የጋሽ አሞጽ ፊት ግን ጸሐይ ወጣበት።

«ጌታ ይባረክ! ግማሹን ኮርስ ቤቷ ጨርሳ መጣች!»